አብረው ይሄዳሉ?

ባለፈው ሳምንት በመጽሔት የምጽፈውን ታሪኬን ካቆምኩበት ሰዓት ጀምሮ ከተማው እንቅልፍ አልተኛም። ዐይኑ ያበጠ ሰው መንገድ ላይ ካያችሁ የእኔ አንባቢ ነው፤ አትጠይቁት። የመጽሔቱን አዟሪ እንኳ «ቀጥሎ ምን ሆነ? ሳትነግረን አትሄድም!» ብለው ልብሱን ሊቀድዱበት ሲሉ በአጥር ዘሎ ነው ያመለጠው። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። ለመኩራራት ብፈልግማ ከዚህ የባሰ አለኝ።

እስካሁን ያላነበበኝ ሰው ካለ (በቅርብ የተወለዱ ሕፃናት አይጠፉም) ነገሩ እንዲህ ነው። አናጢ ነኝ። አናጢ ስላችሁ በር የሚገጥም፣ የወንበር እግር የሚጠግን እንዳይመስላችሁ፤ እንጨት እኔን ሲያይ ራሱ ነው ቀጥ የሚለው። ሰፈሩ «እልፍ» ይለኛል። ምቀኞች «አንዱን ነገር እልፍ ስለሚያደርገው ነው» ይላሉ፤ እኔ ግን ከችሎታዬ ብዛት የመጣ ስም መሆኑን አውቃለሁ። የምኖረው ከታላቅ እህቴ ከእትዬ ጋር ነው። እኔ እንጨቱን ስሠራ እሷ ጥግ ላይ በስፌት መኪናዋ መጋረጃና የወንበር ልብስ ትሰፋለች። ሚስት ያላገባሁት ሴቶቹ በእኔ ምክንያት ተጣልተው ደም እንዳይፋሰሱ ብዬ ነው።

አንድ ቀን ጡረታ የወጡ ዳኛ ከሴት ልጃቸው ጋር ወርክሾፔ መጡ። ዳኛው ልባቸው ደክሟል፤ ሐኪም አውሮፕላን ከልክሏቸዋል። ወንድ ልጃቸው ያለው ደግሞ ባሕር ማዶ ነው። ስለዚህ አንድ ረጅም መኪና ገዝተው «ሆዱን ቤት አድርግልኝ» አሉኝ፤ አልጋ ያለው፣ ምድጃ ያለው፣ ዕቃ ማጠቢያ ያለው ቤት። መኪናው በመርከብ ይሻገራል፤ ከዚያ ወዲያ እየነዱ፣ ውስጡ እያበሰሉ፣ ውስጡ እያደሩ፣ ወራት የሚፈጀውን መንገድ ተጉዘው ልጃቸው ደጃፍ ይደርሳሉ። እዚያው ይቀራሉ። እዚህ የነበራቸው ቤት ተሸጧል። ሴት ልጃቸውም፣ የጂኦግራፊ መምህርቷ፣ ከትምህርት ቤቷ ተሰናብታለች።

እሷ። እንዴት ብዬ ላስረዳችሁ? መጀመሪያ ቀን ደጄ ላይ ስትቆም የኤሌክትሪክ መጋዙ በገዛ ራሱ ቆመ። ጎረቤቴ «መብራት ጠፍቶ ነው» ይላል። የእሱ መጋዝ ለምን አልቆመም?

እኔ እሷን «እርስዎ» እላለሁ፤ የዳኛ ልጅ ናት። እሷም እኔን «እርስዎ» ትለኛለች፤ በዕድሜ እበልጣታለሁ፣ አባቷም ሰውን አክብራ እንድታናግር ነው ያሳደጓት። በመካከላችን የቆመው ግድግዳ ይኸው ነበር፤ እርስዎና እርስዎ። ስንቱን ግድግዳ አፍርሼ የሠራሁ ሰውዬ ይቺን አንዲት ቃል መግፋት አቃተኝ።

* * *

ሥራው ሲጋመስ አንድ ቀን፣ እኔ መደርደሪያውን ከወለሉ ጋር በብሎን እያሰርኩ፣ እሷ የመኪናው በር ላይ ቆማ ስታየኝ ቆየችና፦

«ቁመትዎ ስንት ነው?» አለችኝ።

ሴት የወንድን ቁመት ስትጠይቅ ምን እንደሚመለስ የትም አያስተምሩም። ቀና አልኩ። ደረቴን ነፋሁ። በእግሬ ጣቶች ላይ ትንሽ ቆምኩ፤ ትንሽ ብቻ።

«ሁለት ሜትር» አልኳት። «ጠዋት ጠዋት ደግሞ እጨምራለሁ።»

ውጭ፣ ከስፌት መኪናዋ ጀርባ፣ እትዬን ሳል ያዛት። ሆስፒታል የሚያስተኛ ሳል።

መምህርቷ ግን አልሳቀችም። ከእግሬ እስከ ራሴ፣ ከራሴ እስከ እግሬ አየችኝ። ሁለተኛውን ሜትር ፍለጋ ዐይኗ ብዙ ተንከራተተ። ከዚያ «ሁለት ሜትር» ብላ፣ ቀስ አድርጋ፣ የተሰጠውን ዕቃ ኪሱ ውስጥ እንደሚያስቀምጥ ሰው ደገመችው።

በማግስቱ መጣችና «ከኋላ በኩል አንድ አልጋ ይጨመርልን» አለች። «ርዝመቱ ሁለት ሜትር ይሁን።»

«ዳኛው አልጋ አላቸው፤ እርስዎም አለዎት። ይሄኛው የማን ነው?»

«አብሮን እንዲሄድ የምፈልገው ሰው አለ።» ዐይኗን ሰበር አድርጋ ጣቷን በጣውላው ጠርዝ ላይ አስኬደች። «ገና አልጠየቅኩትም። እሺ ካለ ግን ቦታ ይኑረው ብዬ ነው።»

ሁለት ሜትር የሆነ ሰው! በዚህ ከተማ ያን የሚያህል ወንድ ማን ነው? የማውቃቸውን ወንዶች ሁሉ በሐሳቤ ግድግዳ ላይ አስደግፌ ለካኋቸው፤ አንዳቸውም አይደርሱም። ለማላውቀው ባላንጣዬ ስም አወጣሁለት፦ ቀውላላው።

እሷ እንደሄደች ለእትዬ ነገርኳት።

«ሁለት ሜትር የሚሆን ሰው አላት።»

«አንተስ ሁለት ሜትር አይደለህ?» አለችኝ ክሯን በጥርሷ እየበጠሰች።

«እትዬ፣ አሁን የቀልድ ጊዜ ነው?»

«እኔ ምን አልኩ? ትናንት የነገርካትን ነው መልሼ የነገርኩህ።»

«በናትሽ ተይኝ፤ ሰው ልቡ ተሰብሮ አንቺ ትሳለቂያለሽ።»

«እህህ!» ብላ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። እትዬ «እህህ» ካለች መጽሐፍ የሚያህል ነገር ተናግራለች ማለት ነው፤ እኔ ግን ያን ቀን ማንበብ አልቻልኩም።

አልጋውን ሠራሁት። ለባላንጣው እንዲህ ያለ አልጋ የሠራ ሰው በዓለም ታሪክ የለም። ጣውላውን እንደ ሐር አለሰለስኩት። እግር የሚያርፍበትን ጠርዝ ቀውላላው ሲገላበጥ እንዳይላጥ ብዬ አከበብኩት። ስፖንጁን ወፍራሙን መረጥኩለት። ስጨርስ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አየሁት። ለሙከራ እንኳ አልተኛሁበትም። ቢመቸኝስ?

* * *

ከዚያ ጭነቱ መጣ። ዕቃ መጫን ለተራ ሰው ዕቃ መጫን ነው፤ ለእኔ ሌላ ነገር ነው። ከባዱ ከታች፣ ከጎማዎቹ መካከል፤ ቀላሉ ከላይ። ክሪኩ፣ የጎማ መፍቻው፣ ትርፉ የሞተር ቀበቶ (ችንጋው)፣ ፊውዞቹ፣ የውሃው ቱቦ፣ ሁሉም ዐይን ተከድኖ በእጅ በሚገኝበት ቦታ። የጋዙን ሲሊንደር በሁለት የብረት ቀበቶ አሰርኩት። እያንዳንዱ መሳቢያ መኪናው ሲታጠፍ እንዳይከፈት መቀርቀሪያ ገጠምኩለት። ከዚያ ብርጭቆዎቹን ሁሉ ደርድሬ፣ የሰፈሩን ጉድጓድ አንድ ሳላስቀር እየነዳሁ ዞርኩበት። የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ ይሄኛው እንኳ እውነት ነው። አንዲት ብርጭቆ ድምፅ ካሰማች ዐይኔን ግንባር ያድርገው። አሽከርካሪው እኔ ስለሆንኩ ይሆናል ጉድጓዶቹም አክብረውኛል።

ዳኛው ደግሞ ከቢሯቸው ያመጡትን ባለ ቆዳ ወንበር ከደጅ አስቁመው «ይሄ ይጫናል» አሉ።

«ክቡር ዳኛ፣ ይሄ እኮ ዝሆን ነው።»

«ዕድሜዬን ሙሉ የፈረድኩበት ወንበር ነው።»

«ለዚያ ነው ለካ! የፈረዱባቸው ሰዎች ሁሉ አሁንም ላዩ ላይ ያሉ ነው የሚመስለው።»

ዳኛው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ለመሳቢያው ሁሉ መቀርቀሪያ ስትሠራ ለአፍህ የሚሆን አልተረፈህም?»

እሷ ሳቀች። ወንበሩን በአራት ብሎን ከወለሉ ጋር አሰርኩት። ሳቋ እንዲደገም ቢሆን ፍርድ ቤቱን በሙሉ አምጥቼ አስርላቸው ነበር።

የእሷ ዕቃ ትንሽ ነበር። አንድ ሻንጣ፣ የአባቷ የመድኃኒት ሣጥን፣ እና አንድ ሉል፤ ያ ክፍል ውስጥ የሚሽከረከረው ክብ ምድር። ተማሪዎች ለዓመታት በጣታቸው ሲያሽከረክሩት ባሕሩ ነጥቷል።

«ይሄ እንኳ ይቅር» አለች። «ይንከባለላል። ደግሞ ያሳፍረኛል። ይሄ ባሕር ነው፣ ይሄ የብስ ነው እያልኩ ሳስተምር ኖሬ፣ እኔ ራሴ ከዚህ ከተማ ወጥቼ አላውቅም።»

«ይስጡኝ።»

ከሦስተኛው አልጋ ራስጌ በኩል ክብ ቀዳዳ ያላት መደርደሪያ ሠራሁለት። ሉሉ ወገቡ ድረስ ገባና ቁጭ አለ። ዓለምን አንድ ቦታ ቁጭ ያሰኘ አናጢ ካለ ስሙን ንገሩኝ።

«ባሕሩ ያስፈራል?» አለችኝ። «እርስዎ ተሻግረው እንደሚያውቁ ነግረውኛል።»

ነግሬያታለሁ? ሳልነግራት አልቀርም። «ስንቴ!» አልኩ። «ሞገዱ መጀመሪያ ላይ ያስቸግራል። ሲለምድዎት ግን እሱ ነው እርስዎን የሚፈራው።»

ዝቅ ባለ ድምፅ ሳቀች። እጇ ሉሉ ላይ ነበር። የእኔም እጅ ሉሉ ላይ ነበር። በጣቶቻችን መካከል የነጣ ባሕር ብቻ ነው ያለው፤ አንድ ስንዝር የማይሞላ። ማናችንም አላነሳንም።

«እንግዲያው ባሕር የሚያውቅ ሰው አብሮን ቢሄድ ጥሩ ነው» አለችና ቶሎ ዞረች።

ባሕር የሚያውቅ ሰው! በአንድ ጊዜ ነገሩ ሁሉ ተገለጠልኝ። ቀውላላው መርከበኛ ነው! እጄ ሉሉ ላይ እንዳለ ቀረ። ምድር በሙሉ ከመዳፌ ሥር ሆና እንደዚያ ባዶ የሆነብኝ ቀን የለም።

* * *

አሁን ስለ መጋረጃው ልንገራችሁ።

እትዬ ለመኪናው ወንበሮች ብርቱካንማ ልብስ ሰፍታ አልብሳ ጨርሳለች። ዳኛው ውስጥ፣ ባለ ቆዳው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ፤ ያነባሉ እንዳልል ገጹ አይገለጥም። እሷ ለመጋረጃ የመረጠችውን ሐምራዊ ጨርቅ በሁለት እጇ ይዛ ከብርቱካንማው ወንበር አጠገብ ቆማለች። ጨርቁ ይንቀጠቀጣል። ነፋስ መስሎኝ መስኮቱን ዘጋሁላት። መንቀጥቀጡን አልተወም።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር» አለች።

«ሺህ ይጠይቁኝ!»

ጨርቁን አየች። ወንበሩን አየች። የአባቷን ጋዜጣ አየች። መጨረሻ ላይ እኔን አየችኝ።

«አብረው ይሄዳሉ?»

ሐምራዊ ከብርቱካንማ ጋር! እጄን ወደ ላይ ሰቀልኩ።

«አብረው? ኧረ በጭራሽ! በስንት ላብ ያገኘሁትን ስሜን ላጠፋ ነው? ሰው ቢያይ ምን ይለኛል?»

«ሰው?» አለች።

«ሰው ነዋ! ገና ከሩቅ ያየ ሁሉ አይስቅም? እልፍ ምን ነካው፣ ዐይኑ ጠፋ እንዴ አይሉም?»

«ሰው የሚለው ነገር ያን ያህል ያስጨንቅዎታል?»

«እንዴታ! ሌላው ሰው ግድ አይሰጠው ይሆናል፤ እኔ ግን ተራ ሰው አይደለሁም።»

ፊቷ ላይ አንድ ነገር ሲዘጋ አየሁ፤ እኔ እንደምገጥመው መቀርቀሪያ ያለ፣ ድምፅ የሌለው አዘጋግ።

«ገባኝ» አለች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ መጠየቅ አልነበረብኝም።»

ዳኛው ጋዜጣቸውን አጠፉ። «ሰማሽ አይደል?» አሉ ለእሷ እንጂ ለእኔ ሳይሆን። «ነይ እንሂድ።» በአጠገቤ ሲያልፉ ያዩኝን አስተያየት እስረኛ ያየው እንደሆነ እንጂ ሰላማዊ ሰው አያውቀውም። ይኸው፣ አልኩ በሆዴ፤ የትልቅ ሰው ነገር። በጨርቅ ቀለም እንኳ አናጢ አይናገራቸው።

ጨርቁ ወለሉ ላይ ወድቆ ነበር። አነሳሁት። በጣቶቿ ጨምድዳ የያዘችው ቦታ በላብ ርሷል። ለመጋረጃ እንዲህ የሚጨነቅ ሰው አለ ብዬ ሐምራዊውን ጨርቅ እንደ ሰው እቅፍ አድርጌ ቆምኩ።

* * *

ከዚያ ወዲያ ሁሉ ነገር ቀዘቀዘ። ስትመጣ «ደህና ዋሉ»፣ ስትሄድ «ደህና ይዋሉ»፤ በመካከሉ ምንም። እኔም ልካሳት ብዬ ገበያውን አተራመስኩት፤ የዓለም ጨርቅ ነጋዴ በሙሉ አወቀኝ። በመጨረሻ ከብርቱካንማው ጋር የሚስማማ ክሬም የመሰለ ጨርቅ አገኘሁ። እትዬ አጣድፋ ሰፋችው። በብብቴ ይዤ ወደ መኪናው ስሮጥ እሷ ከአንድ አጭር፣ ፊቱ ክብ ከሆነ ሰውዬ ጋር ቆማለች።

«የቀጠርነው ሾፌር ናቸው» አለችኝ፤ ሌላ ቦታ እያየች። «ወረቀታችን ዛሬ አለቀ። ሦስታችንም ተመዝግበናል።»

እኔ ደግሞ የማስበው ስለ ጨርቁ ብቻ ነው። ፈገግታዬ ከጆሮ እስከ ጆሮ ሆኖ፦

«በቃ! አሁን አብረው ይሄዳሉ!» አልኩ።

ሾፌሩ «አሜን» አለ። እሷ ግን አንዴ ብቻ ቀና ብላ አየችኝ። በጥፊ የመቱት ሰው የሚያይበት ዐይን ነበር። ዞራ ሄደች። መጋረጃውን ከብብቴ እንኳ አላወጣሁትም።

«ጥሩ ሴት ናቸው» አለኝ ሾፌሩ። «ብቻ ሆድ ብሷቸዋል መሰለኝ።»

«አልጋውን አየኸው?» አልኩት። እግሩ የሚደርሰው እስከ ግማሹ ነው። እንግዲህ ቀውላላው ባሕር ማዶ እየጠበቃት ነው ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። መጋረጃውን ብቻዬን ሰቀልኩት። አቤት ሲያምር! ከወንበሩ ጋር የተወለዱ ነው የሚመስሉት። አንዳንድ ነገር እንዲህ ሲስማማ ማየት የሚያስለቅስ መሆኑን አላውቅም ነበር።

* * *

ወደቡ ድረስ አብሬያቸው ሄድኩ። የጋዝ ሲሊንደሩን አስተሳሰር ለወደቡ ሰዎች የሚያስረዳ ባለሙያ ያስፈልጋል አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም፤ ማንም አልከለከለኝም። መንገዱን ሙሉ ከኋላ፣ በዚያ በሰው አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ፣ የጭንቅላቷን ጀርባ እያየሁ ሄድኩ።

ባሕሩን ሳየው… ለእሱ የሚሆን ማጋነኛ አጣሁ። እዚያው እንዳለ ተውኩት።

መኪናው ከመርከቡ መወጣጫ ሥር ተሰለፈ። እኔ ወርጄ ቀበቶዎቹን በመጨረሻ ጊዜ ስፈትሽ አንድ ተቆጣጣሪ ወረቀቱን ይዞ መጣ። የኋላውን በር ከፍቶ አየ፣ ዳኛውን አየ፣ ከፊት የተቀመጡትን ሁለቱን አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«አብረው ይሄዳሉ?»

ልማድ ነው፤ ግራና ቀኝ አየሁ። «ምኑና ምኑ?»

«ምን ምኑና ምኑ ይሉኛል? እርስዎን እኮ ነው! አብረው ይሄዳሉ ወይስ ሸኚ ነዎት?»

እርስዎን እኮ ነው።

ሐምራዊው ጨርቅ በእጇ ላይ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። የማይገለጠውን ጋዜጣ አየሁት። «ሰው ቢያይ ምን ይለኛል» ያልኩበት አፌ፣ ይሄው አፌ፣ ፊቴ ላይ ነበር። ጨርቁን አልነበረም የጠየቀችኝ። ወንበሩን አልነበረም። አባቷ አጠገቧ ተቀምጠው «አንተ» ማለት አፍራ፣ በአክብሮት፣ በእርስዎ፣ እኔን ነበር የጠየቀችው። እኔም ከእርስዎ ጋር መታየት ያሳፍረኛል ብዬ መለስኩላት።

ተቆጣጣሪውን እዚያው ትቼ ወደ ፊት ሮጥኩ። መስኮቷን በመዳፌ መታሁት። ዝቅ አደረገችው።

«መጋረጃው መስሎኝ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«ምን አሉኝ?»

«ያን ቀን! አብረው ይሄዳሉ ሲሉኝ! መጋረጃውና ወንበሩ መስሎኝ ነው! ሐምራዊው ከብርቱካንማው ጋር… እኔን ነበር እንዴ?»

መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ቀስ እያለ ገባት፤ ከዐይኗ ጀምሮ እስከ አገጯ ድረስ ሲወርድ አየሁት። ሳቀች። ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረባት።

«አንተን ነበር» አለች።

አንተን! ሾፌሩ ጨዋ ሰው ነው፤ ፊቱን አዙሮ የጸዳውን መስተዋት ማጽዳት ጀመረ።

«አባቴን ስንት ለምኜ ነው እሺ ያሰኘሁት» አለች። «'ጠይቂው፤ እሱ ከፈቀደ አልከለክልሽም' አለኝ። እሱ እየሰማኝ 'አንተ' ልልህ አፈርኩ። ያን ቀን 'አብረኸኝ ትሄዳለህ?' ብዬህ ቢሆን ኖሮ…»

«አሁን በይኝ!» እርስዎው ከአፌ ወድቆ ጠፋ።

ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «ወረቀቱ ላይ ያለው የሾፌሩ ስም ነው። መርከቡ የተጻፈውን ነው የሚጭነው።»

«በዋና እከተልሻለሁ።»

«ዋና ትችላለህ?»

አፌን ከፈትኩ። ስንቱን ነገር ሲፈጥር የኖረ አፍ ባዶውን ተከፍቶ ቀረ። «አልችልም» አልኩ።

«ባሕር አይተህ ታውቃለህ?»

«ዛሬ።»

ከውስጥ የዳኛው ድምፅ መጣ። «ልጄ፣ ምን ይላል?»

«መጋረጃው መስሎት ነው፣ አባዬ።»

ዳኛው በብሎን ካሰርኩት ወንበራቸው ላይ አዘንብለው በመስኮቷ በኩል አዩኝ። እስረኛ የሚታይበት ዐይን አልነበረም።

«ክቡር ዳኛ» አልኳቸው፣ «ይግባኝ የለውም?»

«መርከቡን ጠይቀው፣ ልጄ» አሉ። ልጄ አሉኝ። ድምፃቸው ከሰሞኑ ሁሉ የደከመ ነበር።

ከፊታችን ያለው መኪና ተንቀሳቀሰ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ፤ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው፣ ቀስ ብሎ።

«አልጋውስ?» አልኳት በሩን ይዤ።

«የማን ሊሆን ነው? ቁመትህን ለምን የጠየቅኩህ መሰለህ?»

«እኔ እኮ ሁለት ሜትር አይደለሁም።»

«ዐይን አለኝ እኮ» አለች። እንባዋ እየወረደ ፈገግ አለች። «አውቃለሁ። ግን ያልከውን ያህል ቦታ ይኑርህ ብዬ ነው።»

ጉራዬን የቀነሰልኝ ሰው በሕይወቴ ብዙ ነው። በልኩ አልጋ ያሠራችለት ግን እሷ ብቻ ናት። አሁን ያን አልጋ አጭሩ ሾፌር ይተኛበታል፤ ከእግሩ ወዲያ የሚተርፈው ባዶ ቦታ በሙሉ የእኔ ነው።

መኪናው መንቀሳቀስ ጀመረ። እኔም ከጎኑ መሄድ ጀመርኩ።

«ትመለሻለሽ?»

ወደ ኋላ ዞር ብላ አባቷን አየች። ከዚያ እጇን አውጥታ በሩን የያዘውን እጄን ያዘችው። ሉሉ ላይ የቀረችው ያቺ ስንዝር አሁን ገና አለቀች።

«እውነቱን ልንገርህ ውሸቱን?»

«ውሸቱን» አልኳት።

«እመለሳለሁ» አለችኝ።

መወጣጫው ላይ እጄ ከእጇ ወጣ። መኪናው እየተንገጫገጨ ወደ መርከቡ ሆድ ገባ፤ አንዲት ብርጭቆ ድምፅ አላሰማችም። በመጨረሻ የታየኝ በመስኮቱ ያለው መጋረጃ ነው፤ ክሬሙ ከብርቱካንማው ጋር። እንዴት አድርገው ነው አብረው የሚሄዱት!

ከኋላዬ ሰው ትከሻዬን ነካኝ። ተቆጣጣሪው ነው፤ ወረቀቱን እንደያዘ።

«ጌታዬ፣ አልመለሱልኝም እኮ። አብረው ይሄዳሉ?»

«አልሄድም» አልኩት።

ምንም አልጨመርኩበትም።